«ዝም ብለህ ገልብጥ» አትበሉኝ!

ኧረ በናታችሁ፣ «ፊት በጠመኔ መሳል ከፈለግክ የድሮ የሥዕል ሊቃውንትን ሥራ እያየህ ገልብጥ» የምትሉ ሰዎች! ምክሩ ልክ ነው፣ አልክድም። ታላቁ ሠዓሊ ሩበንስ እንኳ ጣሊያን በነበረበት ጊዜ የስንቱን ሥራ ገልብጧል። እኔን የሚያነደኝ ምክሩ እዚያው ላይ ማለቁ ነው። ምኑን ነው የምገለብጠው? በምን?

ሁሉም የሚልክልኝ ያንኑ ጣሊያን፣ ቱሪን ከተማ ያለውን የሽማግሌ ሥዕል ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1512 እ.ኤ.አ. አካባቢ በቀይ ጠመኔ ራሱን ሣለበት የሚባለውን፤ «ራሱ ነው»፣ «አይደለም» እየተባለ ዛሬም ክርክር ያላጣውን። እሺ፣ ግን የትኛውን ፎቶ ልመን? አንዱ ላይ ብርቱካንማ ነው፣ ሌላው ላይ ጭልም ያለ ቡናማ፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ አንዱ ጎበዝ ድምቀቱን ሲያጦዘው ጢሙ ሽቦ መስሎ ቁጭ ብሏል። ዋናው ወረቀት ቁመቱ 33 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ እኔ የማየው በስልክ። አጉልቼ ዓይኑ ጋ ስደርስ መስመሩ ጠፍቶ ካሬ ካሬ ብቻ ይቀራል። ፊቱ ላይ ያሉት ነጠብጣቦችስ? ጥላ ናቸው? ማድያት? የለም፣ ወረቀቱ በዕድሜ ብዛት ያወጣቸው ነቁጦች ናቸው! ስንቱ ጀማሪ ተጠንቅቆ ሥሏቸው ይሆን።

ጠመኔው ደግሞ ሌላ ጣጣ። በዚያ ዘመን ቀይ ጠመኔ ማለት ከመሬት የሚቆፈር፣ የብረት ኦክሳይድ ያቀላው ሸክላማ ድንጋይ ነበር። ጫፉን ካሾሉት ቀጭን መስመር ያወጣል። ዛሬ በዚያው ስም የሚሸጥልን ፋብሪካ ውስጥ ከቀለም ዱቄትና ከማጣበቂያ የተሠራ ዘንግ ነው። አንዱ ቅባት አለው፣ አንዴ ከያዘ በላጲስ ብትል በምን አይለቅም። ሌላው ገና ሳትጫነው ይፈረፈራል፤ ልታሾለው ስትል ቀጭ! የዓይን ቆብ ጠርዝ በዚህ ሣል እንግዲህ። ወረቀቱም ልሙጥ ከሆነ ጠመኔው አይዝም፣ በጣም ከሻከረ ደግሞ የሽማግሌው ቆዳ ብጉር በብጉር ይሆናል። ይህን «ገልብጥ» ካሉኝ ሰዎች አንዱም አልነገረኝም።

አሁን ዋናው ብሶቴ። ሰውዬው፣ ሊዮናርዶ ማለቴ ነው፣ ግራኝ ነው! ጥላ የሚሰጥባቸው መስመሮች ከላይ ከግራ ተነሥተው ወደ ታች ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። የቀኝ እጅ ደግሞ በልማዱ የሚያሰምረው በተቃራኒው ነው። እንደ እሱ ላድርግ ስል አንጓዬ ይታሰራል፣ መስመሩም ይንቀጠቀጣል። እንደ ራሴ ላስምር ስል ጉንጩ አቅጣጫውን ይስትና ሌላ ሽማግሌ ይወጣል፤ ጨዋ ሽማግሌ ነው፣ ግን አላውቀውም። «ወረቀቱን አዙረው» አለኝ አንዱ። አዙሬው ሰውዬው በጎኑ ከተኛ በኋላ አፍንጫውን ከምን ጋር ላመሳክር? ይህን ሁሉ ስታገል መዳፌ የጨረስኩትን ግንባር ጠርጎት ሄዷል።

የሥዕል ማስተማሪያ ቪዲዮዎቹንማ ባልጠራቸው ይሻላል። የስንት ሰዓት ሥራ በአንድ ደቂቃ፣ ከነሙዚቃው! ዓይንህን ስትጨፍን ጢም የለም፣ ስትገልጥ ጢሙ ደረት ላይ ደርሷል። እጁ የቆመበት፣ አፍንጫው አልመጣ ብሎ ያሻሸበት ቦታ ተቆርጦ ወጥቷል። እኔ ደግሞ ማየት የምፈልገው እሱን ነበር!

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ «ገልብጥ» የሚለኝ ሰው የጠመኔውን ዓይነት፣ የወረቀቱን ሸካራነት፣ በዋናው ልክ የታተመ ምስል የት እንደሚገኝ አብሮ ይጻፍልኝ። ሊቁም ከተቻለ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ይሁን።