«ያው ነው!»

«ያው ነው» አለኝ ባለ ሱቁ። ያው ነው! እስካሁን ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። ከሪሞት መኪናዬ የ7.2 ቮልት ኒኬል ባትሪ አውጥቶ የ7.4 ቮልት ሊፖ (የሊትየም ፖሊመር ባትሪ) መክተት፣ «ነጥብ ሁለት ምን ያመጣል ወንድሜ፣ ሰክተህ መንዳት ነው»።

ሱቁን ታውቁታላችሁ፣ ስም አልጠራም። ባንኮኒው ላይ መኪናዋን አስቀመጥኩ።

«ለልጅህ ነው?»
«አይ፣ የራሴ ናት።»

አለቀ። ስልክ ሊያሰራ የተሰለፈው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። አንዱማ ጎማዋን በጣቱ አሽከረከረ። ዋጥ አድርጌ፣ ሊፖ የሚሞላ ባላንስ ያለው ቻርጀር አለህ ወይ ስለው፦

«ቻርጀር ቻርጀር ነው። ያንን የሚሞላው ይሄንንም ይሞላል።»
«ያኛው የኒኬል ነው እኮ፣ ይሄ ሊትየም ነው።»
«ወንድሜ፣ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ባትሪ ስሠራ ነው የኖርኩት።»

በዕድሜ ያንሰኛል! ቢያንስ በአምስት ዓመት! ሳቁን ግን እሱ ወሰደ።

እሺ ጌታው፣ እዚያ ያላስጨረስከኝን እዚህ ልጨርሰው። የኒኬል ቻርጀር ባትሪው መጥገቡን የሚያውቀው ቮልቱ ጫፍ ደርሶ ትንሽ ዝቅ ሲል ነው። ያቺን ዝቅታ አይቶ ይዘጋል። ሊፖ ያቺ ዝቅታ የለችውም። ሴሉ 4.2 ቮልት ላይ ሲደርስ ቮልቱ እዚያው ተይዞ፣ አምፒሩ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው ማለቅ ያለበት። ያንተ ቻርጀር ግን የማትመጣዋን ዝቅታ እየጠበቀ 4.3፣ 4.4 እያለ ይገፋዋል። መጀመሪያ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ቀጥሎ እሳት ነው። ያው ነው በለኛ!

ባላንስ ያልኩት ደግሞ ለጌጥ አይደለም። ባለ ሁለት ሴል ሊፖ ከወፍራሞቹ ሽቦዎች ሌላ ሦስት ቀጫጭን ሽቦ ያላት ነጭ ሶኬት አለችው። ቻርጀሩ እያንዳንዱን ሴል ለየብቻ የሚያየው በእሷ ነው። አንዱ 4.3፣ ሌላው 4.1 ቢሆን ድምሩ 8.4 ነው፤ በወፍራሙ ሽቦ ብቻ የሚያይ ቻርጀር ሁሉ ሰላም ይመስለዋል። ቻርጀሩ ላይ ሊፖ የሚለውን፣ ሁለት ሴል፣ ባላንስ፣ ለ5000 ሚሊአምፒር ሰዓት 5 አምፒር። አራት ነገር መምረጥ ነው፣ ሮኬት አይደለም።

መሙላቱ ይቅር፣ ማራገፉስ? የድሮ ስፒድ ኮንትሮለር (ለሞተሩ ኃይል የሚመጥነው) መኪናዋ እስክትንፏቀቅ ድረስ ይነዳል። ኒኬል ይችለዋል። ሊፖ በሴል ከ3 ቮልት ከወረደ ግን ይሞታል፣ ሞቱንም ወዲያው አይነግርህም፤ በሚቀጥለው ሙሌት ተነፍቶ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ኮንትሮለሩ ሊፖ የሚል ምርጫ ይኑረው። የሆቢዊንግ 1060 የሚባለው ኮንትሮለር እኮ ጥፍር የምታህል ጃምፐር (ተነቃይ መሰኪያ) ነው ያላት፣ ነቅለህ ወደ ሊፖ ማዛወር ብቻ! ስንቱ ነው ሳይነካት ነድቶ ባትሪ ገድሎ «ሊፖ ጥራት የለውም» የሚለው! ምርጫው ከሌለ በነጯ ሶኬት የሚሰካ፣ ቮልት ሲወርድ የሚጮህ ዕቃ አለ፣ በሴል 3.5 ላይ አድርገው፣ ሲጮህ አቁም። ስትጨርስ ንቀለው። ተሰክቶ ካደረ ራሱ ባትሪውን ይጠጣዋል፣ ይሄንንም ያደረጋችሁ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

ወደ ሰውዬው ልመለስ፣ አልበረደልኝም። ሊፖው ውድ ነው ካልክ ብሎ ምን ቢያመጣ ጥሩ ነው? ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ ሴል! «ሊትየም ነው፣ ያው ነው።» የላፕቶፕ ሴል እኮ ቀስ ብሎ ለመስጠት የተሠራ ነው። 2200 ሚሊአምፒር ሰዓት ሆኖ እጥፉን ቢሰጥ 4.4 አምፒር ነው። መኪናዋ ስትነሳ ብቻ 30 እና 40 አምፒር ትጎትታለች። ሴሉ ይግላል፣ ቮልቱ ይወድቃል፣ መኪናዋ ቁማ ታስልልሃለች። ሊፖ ላይ ያለው የሲ ቁጥር (የመጠኑን ስንት እጥፍ አምፒር እንደሚሰጥ የሚናገረው) ለዚህ ነው፤ 5000 በ30 ሲ ማለት 150 አምፒር። እርግጥ 100 ሲ ብለው የሚለጥፉት አብዛኛው ወረቀት ነው፣ እሱን ራሱን ሌላ ቀን እበሳጭበታለሁ።

አሁን ሶኬቱ። ያ የኒኬሉ ነጭ የታሚያ ሶኬት በሊፖ ጉልበት ይሞቃል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ኤክስቲ 60 የሚባለውን ሶኬት አድርጉ። አንዲት ነገር ብቻ ስሙኝ፦ የባትሪውን ሁለት ሽቦ አንድ ላይ በመቀስ አትቁረጡ! መቀሱ ብረት ነው፣ ሾርት ታደርጉታላችሁ። አንዱን ቁረጥ፣ በየድ፣ በላስቲክ ሸፍን፣ ከዚያ ሌላውን። ሴቷ ባትሪው ላይ፣ ወንዱ መኪናው ላይ። ጠፍጣፋው ጎን ፖዘቲቭ፣ የተቆረጠው ማዕዘን ያለው ኔጋቲቭ። ስትበይዱ ወንድና ሴቱን አጋጥማችሁ ያዙ፣ አለዚያ ፕላስቲኩ ለስልሶ ፒኑ ይጣመማል። በ30 ዋት ካውያ ደግሞ አትሞክሩት፣ ወፍራም ሽቦ ሙቀቱን ይውጠውና ስታኞው ላዩ ላይ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይቀራል። የያዘ ይመስላል፣ ሲነዱ ይነቀላል። 60 ዋት እና ከዚያ በላይ።

ቦታውም አይገጥምም። ባለ ቅርፊቱ ሊፖ 138 በ47 በ25 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ የኒኬሉ ማስቀመጫ ደግሞ ለክብ ድንጋዮች የተቦረቦረ ነው። ጠርዙ የተከረከመ ሊፖ ፈልጉ። ካልተገኘ የሚሞረደው የመኪናው ፕላስቲክ ነው፣ ባትሪው አይደለም! (ሞርዶት የመጣ አለ። ባትሪውን። በሞረድ።)

ሞተሩም ይግላል፣ ምክንያቱም ሊፖ ሲጎተት እንደ ኒኬል ቮልቱ አይወርድም። ፒኒየኑን (ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ጥርሳም ጎማ) አንድ ሁለት ጥርስ ባነሰ ቀይሩ፣ አምስት ደቂቃ ነድታችሁ በእጃችሁ ዳስሱት። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ገና ቀንሱ። ባለ ነዳጅ ሪሞት መኪና ያላችሁ ደግሞ የሪሲቨሯን (የሪሞቱን ትእዛዝ የምትቀበለውን) 6 ቮልት ባትሪ አውጥታችሁ ባለ ሁለት ሴል ሊፖ በቀጥታ እንዳትሰኩ፤ ሙሉ ሲሆን 8.4 ነው፣ ተራ ሰርቮ (መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) ጭስ ነው የሚሆነው። ቮልት ቀናሽ በመሃል አስገቡ፣ ወይ የ6.6 ቮልቱን ላይፍ (ሌላ ዓይነት የሊትየም ባትሪ) ተጠቀሙ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ባትሪው ራሱ እዚህ አይገኝም። ከዲሲ የሚመጣ ዘመድ ትለምናለህ፣ «ፈንጂ ልታሸክመኝ ነው?» ትባላለህ። 7.4 ቮልት በ5 አምፒር ሰዓት 37 ዋት ሰዓት ነው፣ የአውሮፕላን ልኩ 100 ነው። በእጅ ሻንጣ፣ ጫፉ በፕላስተር ተሸፍኖ። እሺ ብላ ትወስድልህና ምን ታደርጋለች? ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከልብስ ጋር! የተከለከለው እዚያ ነው እኮ። ተወስዶ ቀረ። ደህና ሁን ባትሪ።

እንግዲህ መብራትም ሄዷል። በ12 ቮልት የእውነተኛ መኪና ባትሪ የሚሠራ ቻርጀር ያለው ይስቃል፣ ሌላው ይጠብቃል። መብራት ሲመጣ በረንዳ ላይ፣ ሸክላ ድስት ውስጥ፣ ሰው እያየው። ሞልታችሁ ካልነዳችሁ በሴል 3.8 ላይ መልሳችሁ አስቀምጡ።

ባለ 60 ዋቱን ካውያ የወሰድከው ሰውዬ፣ ሦስተኛ ሳምንት ሆነህ። ስም አልጠራም፣ አንተንም።