ማስተካከያ፦ ስለ ነጭ የደም ሴል ቁጥር

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ዘንድ ሲዘዋወር የሰነበተው «ነጭ የደም ሴል ከ11,000 ካለፈ ካንሰር ነው፣ በቀጥታ ጥቁር አንበሳ ሂዱ» የሚለው መልእክት ትክክል አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው ኢንፌክሽን ነው፤ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ይጨምርበታል። በውጤት ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ ጎን የምትታየው «ኤች» (H) ፊደል ከፍ ብሏል ከማለት ያለፈ አትናገርም። ይልቅ የነጭ የደም ሴል ዓይነቶችን ዝርዝር እዩ፦ የጨመረው ኢኦሲኖፊል የሚባለው ዓይነት ከሆነ አለርጂ ወይም የአንጀት ትል ሊሆን ስለሚችል ሰገራ ይመርመር። በተቃራኒው፣ ጤነኛ ሆነው ኒውትሮፊላቸው (ሌላው የነጭ የደም ሴል ዓይነት) በተፈጥሮ ከ1,500 በታች የሚወርድ ኢትዮጵያውያንም አሉ። ምርመራው ተደግሞ ቁጥሩ ካልተስተካከለ፣ ወይም ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብና ያበጠ ንፍፊት ካለ ግን ጤና ጣቢያው ወደ ሄማቶሎጂስት (የደም በሽታ ስፔሻሊስት ሐኪም) ሪፈር ይጻፍላችሁ። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ላይ ያለ ሰው ትኩሳት ከያዘው ሪፈርም ንጋትም አይጠበቅም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።