የእናቶቻችንን መቆሚያ ለሱቅ አትስጡት

የአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ ባለፈው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያኑ በስተደቡብ ባለው የግቢው ክፍል ባለ ሁለት ፎቅ የኪራይ ሱቅና አዳራሽ እንዲሠራ ወስኗል። አንድ ምእመን ተነሥቶ «ነገ እንደ ኮሮና ያለ ወረርሽኝ ቢመጣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ የት ይቆማል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከመድረኩ የተሰጠው መልስ «ያን ጊዜማ እቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ይከታተላል» የሚል ነበር።

በቴሌቪዥን! ሥጋ ወደሙ በቴሌቪዥን ይቀበሉታል? ጠበል በስልክ ይጠመቁታል? ይህን የተናገረው ሰው የ2012ቱን ስቅለት ረስቶታል፤ እኔ አልረሳሁትም። ጥቂት ካህናት ውስጥ ሆነው ሲያገለግሉ ምእመኑ በየቤቱ ይጸልይ የተባለበት ጊዜ ነው። ሚያዝያ 9 ቀን እናቴ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ፊት ስግደት ጀመረች። መብራት ጠፋ። ትንሽ ቆይቼ ሳያት የለችም። ያገኘኋት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሰሌን ላይ ስትሰግድ ነው። ግራ ቀኟ ሌሎች እናቶች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል። በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ተመለከትኩ። ግቢው ባዶ ነው። ዋርካው ሥር አንድ ሰው የለም። ያን ሁሉ ሕዝብ አራርቆ ሊያቆም የሚችል ሜዳ ተዘግቶ፣ ሕዝቡ አንድ ክንድ በማይሞላ የእግረኛ መንገድ ላይ ታጨቀ።

ኮሮና የታፈነ ቤት ውስጥ እንደሚበረታ ያኔ ገና እየተማርን ነበር፤ ዛሬ ግን አላወቅንም ማለት አንችልም። መጋቢት 1 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ ከመገለጹ 3 ቀን ቀደም ብሎ፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንድ የመዘምራን ቡድን አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተለማመደ። ከነበሩት 61 ሰዎች 53ቱ ታመሙ፣ 2ቱ ሞቱ። ድምፅን ከፍ አድርጎ መዘመር፣ ዝግ ቤት፣ ረጅም ሰዓት። እንግዲህ የእኛን ማኅሌት አስቡት፤ ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያና ጽናጽል ይዘው ፊት ለፊት ቆመው የሚዘምሩትን ሊቃውንት፣ አብዛኞቹም በዕድሜ የገፉ። ይህ ማኅሌት ዋርካው ሥር ቢቆም ምን ይጎድልበታል? ምንም! ነፋሱ ከጣና ይመጣል፣ ትንፋሹን ይዞት ይሄዳል።

አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ብለው ከፍለው፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ ሰፊ ግቢና ዛፍ የተዉት በከንቱ አይደለም። ዘጌ ሄዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን እዩ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በጫካ መካከል ነው። እኛ ጋም ቢሆን ቅዳሴ ሲቀደስ አብዛኛው ሰው የሚቆመው ውጭ ነው፤ ከጥንትም ውጭ ነው። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል እጅ ለእጅ አንጨባበጥም፣ ጎንበስ ብለን እጅ እንነሣሣለን። ስንቆርብ አፋችንን በነጠላ እንሸፍናለን። ኦሪት ዘሌዋውያን 13 ላይ የታመመው ሰው ከንፈሩን እንዲሸፍን፣ ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ ታዟል። አፍ መሸፈንም መራራቅም ከውጭ የመጣብን ነገር ነው የሚል ሰው ሃይማኖቱን አያውቅም። «እምነት ካለን ምን ያስፈልጋል» ለሚለውም ጌታ ራሱ ለፈታኙ መልሶለታል፤ ጌታ አምላክህን አትፈታተነው። በ2012 ግቢ ላለው አጥቢያ ሁሉ ምእመኑን አራርቆ ማቆም ይቻል ነበር እላለሁ። ያቃተን ቦታ አይደለም፣ ማስተባበር ነው።

አሁን ያንን ቦታ ልንሸጠው ነው። ያውም በስተደቡብ በኩል ያለውን፣ የሴቶች መቆሚያ የሆነውን! ያቺ አስፋልት ዳር የሰገደች እናቴ ሁልጊዜ የምትቆምበትን!

የካህናቱ ደመወዝ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ገቢ ያስፈልጋል። ግን ከግቢው ውጭ ገንዘብ ማግኛ ጠፍቶ ነው? ደግሞ ወረርሽኙ «ቢመጣ» እየተባለ እንደ ሩቅ ነገር ይወራል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው በ1911 ዓ.ም. አገሩን የፈጀውን የኅዳር በሽታ እያስታወስን አይደለም? በ2015 ክረምትስ፣ ኮሮና ገና ከአፋችን ሳይወጣ፣ ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ላይ ኮሌራ ተነሥቶ አልነበረም? ለዚያ መድኃኒቱ ንጹሕ ውኃና ሽንት ቤት ነበር። እኛ ጋ ግን በ2012 ምእመኑ አዋጥቶ በር ላይ ያቆመው የእጅ መታጠቢያ በርሜል ዛሬ ቧንቧው ተነቅሎ የሲሚንቶ ማስቀመጫ ሆኗል።

ውሉ እስካሁን አልተፈረመም። የኮሚቴው አባላት በመጪው እሑድ ከመቅደሱ አጠገብ መቆማቸውን ትተው ወደ ደቡቡ በር ይውጡ። ዋርካው ሥር ቆመው፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ፣ በዚያ በኩል ስንት እናት እንዳለች አንድ በአንድ ይቁጠሩ። ቁጥሩን ይዘው ይምጡና ሱቁ ሲሠራ እነዚህ ሁሉ የት እንደሚቆሙ በጉባኤ ፊት ይንገሩን።