እጀታውማ ሞልቷል፣ ራሱ የት አለ?

እስኪ የድሬ ልጆች፣ አንድ ነገር ንገሩኝ። ለኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሽ ተቀያሪ ራስ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ አላችሁ? ብሩሹን አላልኩም። ብሩሹማ ሞልቷል። ታይዋን የሚባለው ገበያችን ገባ ብትሉ ከጆሮ ማዳመጫውና ከፓወር ባንኩ ጎን ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። እኔ የምለው ጫፉ ላይ የምትሰካዋን፣ ጥርስ የምትነካዋን ትንሿን ነገር ነው። እሷ የለችም። ከዚራ የለችም፣ መጋላ የለችም፣ ፋርማሲዎቹ ጋም የለችም።

«አቦ አታካብጂ፣ በእጅሽ ፋቂና ተኚ!» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቆዩኝማ።

እኔ ይሄን ነገር ለቅንጦት አልጀመርኩትም። ድዴ ሸሽቶ የጥርሴ ሥር ብቅ ብሏል። ቀዝቃዛ ነገር በጠጣሁ ቁጥር እስከ ጆሮዬ ድረስ ይጠዘጥዘኛል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ እንዴት ይዋላል? የጥርስ ሐኪሟ አየት አድርጋኝ «እህቴ፣ ጥርስ እኮ ድስት አይደለም» አለችኝ። ያው ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ «አጥብቀሽ ፋቂ» እየተባልን ነው ያደግነው። «ከቻልሽ ስትጫኚው የሚያስጠነቅቅሽን የኤሌክትሪክ ብሩሽ ፈልጊ» ብላ ሸኘችኝ።

ምክሩ ልክ ነው። ደህናዎቹ ብሩሾች ግፊት የሚለካ ነገር አላቸው። ሲጫኗቸው ወይ ቀይ መብራት ያበራሉ፣ ወይ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ሰዓትም ይቆጥራሉ። በየ30 ሰከንዱ ነዘር አድርገው «ወደ ሌላው ጎን እለፊ» ይላሉ። አፍ ለ4 ተከፍሎ 2 ደቂቃ ሲሞላ ደግሞ ያሳውቃሉ። 2 ደቂቃ ትንሽ የሚመስላችሁ ሰዓት ይዛችሁ ፋቁና እንነጋገር። ጥናቱም አለ። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ድርጅት በፈረንጆቹ 2014 ባወጣው ግምገማ፣ የኤሌክትሪኩን ብሩሽ ከ3 ወር በላይ የተጠቀሙ ሰዎች የእጅ ብሩሽ ከሚጠቀሙት ይልቅ ጥርሳቸው ላይ የሚቀረው ቆሻሻ በ21 በመቶ፣ የድድ መቆጣቱ ደግሞ በ11 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ተአምር አይደለም። በእጅም ቀስ ብሎ፣ ጊዜ ሰጥቶ የሚፋቅ ሰው ጥርሱን ይጠብቃል። ግን እንደኔ ድዱ ለሸሸበት 11 በመቶም ሲሳይ ነው።

ታዲያ ልግዛ ብላችሁ ስትወጡ ነው ጉዱ የሚጀምረው።

በዓለም ላይ ሰው በብዛት የሚጠቀማቸው ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ራሱ ክብና ትንሽ ሆኖ ወዲህና ወዲያ እየተሽከረከረ የሚያጸዳው ነው፤ እነ ኦራል ቢ የሚባሉት ብሩሾች ማለት ነው። ሁለተኛው ሶኒክ የሚባለው ነው። ራሱ እንደ ተራው ብሩሽ ረዘም ያለ ሆኖ በጣም በፍጥነት ይንቀጠቀጣል። ሶኒኬር የሚባለው ብሩሽ ለምሳሌ በደቂቃ 31,000 ጊዜ እንቀጠቀጣለሁ ነው የሚለው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ የትኛው ይሻላል የሚለውን ክርክር ለሐኪሞቹ ትቼዋለሁ።

እኛ ገበያ ውስጥ ግን ሦስተኛ ዓይነት አለ። በትንንሽ ድንጋይ ባትሪ የሚሠራ፣ ሲያበሩት ዝም ብሎ የሚንዘፈዘፍ ዕቃ ነው። ራሱ አይዞርም። በወጉም አያጸዳም። ግፊት አይለካም፣ ሰዓት አይቆጥርም። ካርቶኑ ላይ ግን «ሶኒክ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ጥርሷ እንደ መስታወት የሚያበራ ፈረንጅም ተለጥፋበታለች። ከሻጩ ጋር ያወራነውን ልንገራችሁ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ስጫነው ያስጠነቅቃል?»

«አዎ፣ ሁሉን ያደርጋል።»

«እስኪ አሳየኝ።»

አበራውና መዳፌ ላይ አደረገልኝ። እጄ ተንዘረዘረ። «አየሽ? ኃይሉን አየሽ?» አለኝ።

«እሺ፣ ተቀያሪ ራስስ አለህ?»

«የምን ራስ?»

«ጫፉ ላይ የሚሰካው። በየ3 ወሩ የሚቀየረው።»

«አቦ እህቴ፣ ሙሉው እያለ ራሱን ብቻ ምን ያደርግልሻል?»

«ራሱ ሲያልቅስ?»

«ሌላ ትገዢያለሻ!»

በቃ፣ የሀገሩ የንግድ ሥርዓት በአንድ ቃል ተጠቃለለ። ሌላ ትገዢያለሻ። ተናደድኩበት ማለት አልችልም፤ እያሾፈ አልነበረም። ከልቡ ነው የነገረኝ። ለእሱ ብሩሽ ማለት እጀታው ነው።

እኔ የምለው ግን ተቃራኒውን ነው። እጀታው ሞተር ነው። ሞተርና ባትሪ፣ ደህናው ላይ ደግሞ ግፊት የሚለካውና ሰዓት የሚቆጥረው ነገር። ጥርሳችሁን የሚነካው፣ ድዳችሁን የሚያድነው ወይም የሚያቆስለው ራሱ ነው። እጀታው ደህና ከሆነ ለዓመታት ያገለግላል። ራሱ ግን በ3 ወር ያልቃል፣ ፀጉሩ ቀድሞ ከተበታተነ ደግሞ ከዚያም በፊት። ለአንድ ሰው በዓመት 4 ራስ ማለት ነው። ራስ የማይገኝለትን እጀታ የሚሸጥልኝ ሰው ብሩሽ አልሸጠልኝም።

ወንድሜ አሜሪካ ነው። ነገርኩት። አንጀቱ አልቻለም፤ ደህናውን፣ ክብ ራስ ያለውን፣ ቀይ መብራት የሚያበራውን ላከልኝ። እግዜር ይስጠው። ከሱ ጋር የመጣውን የቻርጀር ጣጣ ግን ስሙ።

እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። አንዳንዱ ቻርጀር ሥሩ ላይ «100-240» ተብሎ ተጽፎበታል፤ እሱ አዳፕተር ብቻ ነው የሚፈልገው፣ የትም ይሠራል። አንዳንዱ ግን ለዚያው ሀገር ብቻ የተሠራ ነው። እሱን እኛ ሶኬት ላይ መሰካት መቅበር ነው። ጽሑፉ ደግሞ ፕላስቲኩ ላይ በዚያው በፕላስቲኩ ቀለም ነው የተቀረጸው። ለማንበብ የስልክ መብራት ከጎን አብርቶ ማዘንበል ያስፈልጋል። ከዱባይ የሚመጣው ቮልቱ ይስማማናል፣ እግሩ ግን ባለ ሦስቱ አራት ማዕዘን ነው። ከእንግሊዝ የሚመጣው ደግሞ መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ላለ የመላጫ ሶኬት የተሠራ ነው፤ ሁለት ክብ እግር ስላለው የኛ ይመስላል፣ ሲሰኩት ግን አይገባም። ስለዚህ ምርጫ ያላችሁ ሰዎች፣ በስልክ ገመድ ቻርጅ የሚደረገውን ዓይነት አስመጡ። ገመዱ እያንዳንዳችን ቤት አለ።

ደግሞ ቻርጅ ሲደረግ የሚቀመጥበትን የማስቀመጫውን ነገር አትጠይቁኝ። እጀታው ሥር ምንም ብረት የለም። ማስቀመጫውም ላይ የለም። ከላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ በሁለቱም ውስጥ የተጠመጠመ ሽቦ አለ፣ ፕላስቲክ መሀል ገብቶ ሳይነካኩ ኃይል ይተላለፋል። ውሃ እንዳይገባው ተብሎ ነው። የእህቴ ልጅ ይሄን ሳያውቅ «አክስቴ፣ ይሄ መሰኪያው ተሰብሮ ነው የመጣልሽ» ብሎ በምስማር ሊነቀንቀው ሲል ነው የደረስኩት።

«መብራት በሚጠፋበት ሀገር የኤሌክትሪክ ብሩሽ!» እያሉ የሚስቁብኝም አሉ። እዚህ ላይ ግን ተሳስታችኋል። አንዴ በደንብ ከሞላ አንድ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይቆያል። መብራት ቢሄድ ቢመጣ ግድ የለውም። እንደውም ቤታችን ውስጥ መብራት ሲጠፋ ምንም የማይመስለው እሱ ብቻ ነው። ሲሞላ ከሶኬቱ ንቀሉት፣ መብራቱ በኃይል ሲመለስ እንዳያቃጥለው። ሙቀት ባትሪ ስለሚጎዳም ቆርቆሮ ሥር አታውሉት። ከዚህ በቀር መብራቱን አታሙት።

የሚታማ ካለ ውሃው ነው። ሳቢያን ነው የምኖረው፤ የከተማው ውሃ የሚወጣባቸው ጉድጓዶች ያሉበት ሰፈር ማለት ነው። ውሃችን ደግሞ ምን እንደሚያደርግ የድሬ ሰው አይነገረውም። ማንቆርቆሪያችሁን ከፍታችሁ እዩት። ያ ነጩ ቅርፊት ኖራ ነው። የሀገሪቱ የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ዙሪያችን የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ነው፤ ውሃውም በዚያው ድንጋይ ውስጥ ነው የሚመጣው። ብሩሹንስ ምን አደረገው?

ራሱን ንቅል አድርጌ ላሳያችሁ። ከእጀታው ጫፍ ቀጭን ብረት ወጥቷል። ብረቱ ግርጌ ላይ ነጭ ቀለበት ሠርቷል፤ በጥፍር ብትፍቁት ሸካራ ነው። የራሱን ቀዳዳ ስታዩት ደግሞ የጥርስ ሳሙናው ከኖራው ጋር ተለውሶ ግራጫ ጭቃ ሆኗል። ሽታውን ተዉት። ይሄ ነገር ሲደርቅ ራሱ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፣ ወይ ደግሞ በደንብ አልገባ ብሎ ማንቋረር ይጀምራል። መፍትሔው አቼቶ ነው። በውሃ አቅጥናችሁ ራሱን ብቻ ትንሽ ትነክሩታላችሁ፤ እጀታውን አይደለም። በየቀኑ ደግሞ ራሱን ነቅሎ ሁለቱንም ማጠብና ለየብቻ ማድረቅ ነው። ይሄን ለባለቤቴ ስንቴ ነግሬው እንደሆን እሱ ይንገራችሁ። እሱማ ሳያጠፋው ነው ከአፉ የሚያወጣው። የበርጫውን አረንጓዴ ከነአረፋው መስታወቱ ላይ አንብቡት።

በነገራችን ላይ እጀታው አንድ ሆኖ ራሱ ለየሰው ይሆናል። ራሱ ሥር ባለቀለም ቀለበት የሚደረገው ለዚያ ነው፤ ቢጫው ያንተ፣ ሰማያዊው የኔ። ግን ራስ ከየት ይምጣ? ስንት ሰው በአንድ ራስ ይፋቅ? ኧረ በስመ አብ!

ከወንድሜ ብሩሽ ጋር የመጣው ራስ ጊዜውን ጨረሰ። ፀጉሩ መሀል ያሉት ሰማያዊዎቹ ነጡ፤ ቀይሩኝ ማለቱ ነው። ዳርና ዳሩ ወደ ውጭ ተገለበጠ። እንዲህ የሆነ ፀጉር ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ጋ አይገባም፣ ድዱን ይቧጭራል እንጂ። ለድዴ ብዬ ያመጣሁት ዕቃ ድዴን ሊያደማው ነው። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ነግሬ ራስ አስመጣሁ። «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የተሸጠለት ነው። ሰካሁት፤ ልቅ ነው። ሳበራው አፌ ውስጥ ተንቋቋ፣ ሁለት ፀጉር ምላሴ ላይ ቀረ። ለሁሉም የሚሆን ራስ የሚባል የለም፣ ሰዎች! የአንዱ ድርጅት ራስ ሌላው ላይ አይገባም። የአንድ ድርጅት እንኳን እርስ በርሱ አይገባም። ኦራል ቢ በፈረንጆቹ 2020 ባወጣው አይኦ በሚባለው ብሩሽ ላይ የድሮው የራሱ ራስ አይሰካም። ስለዚህ የምታስልኩ ሰዎች ቁጥሩን ከእጀታው ሥር አንብባችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ።

እናቴ ይሄን ሁሉ ስሰቃይ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። እሷ ከቀፊራ ገበያ የገዛችውን መፋቂያ ትፍቃለች። «ያንቺ ራሱ አለቀ?» አለችኝ። አለቀ አልኳት። መፋቂያዋን ከአፏ አውጥታ የተበጣጠሰውን ጫፍ በቢላ ቆረጠችና ጣለችው። ከዚያ በታች ያለውን ልጣጭ ላጥ ላጥ አድርጋ ማኘክ ጀመረች። «የኔም አልቆ ነበር» አለችኝ።

ምን ልበላት?

ነጋዴዎች፣ እባካችሁ። ያንን የጆሮ ማዳመጫ ስታመጡ ለትልቅም ለትንሽም ጆሮ ብላችሁ ባለሦስት ልክ ጎማ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ለስልኩ መስታወት ትለጥፋላችሁ፣ ሽፋን ትሸጣላችሁ። ራሱን አምጡት! ቀላል ነው፣ ቦታ አይይዝም፣ አይሰበርም፣ በየ3 ወሩ ደንበኛው ራሱ ተመልሶ ይመጣል። ከእጀታው ይልቅ እዚህ ላይ ነው የምታተርፉት። ይሄን የንግድ ምክር በነፃ ነው የሰጠኋችሁ።

ለወንድሜም ጻፍኩለት። በግልጽ ነው የጻፍኩት፦ «እጀታ አልፈልግም። ራስ ብቻ። ፎቶው ይኸው፣ ቁጥሩ ይኸው።» «አታስቢ» አለኝ። ዛሬ የገዛውን ዕቃ ፎቶ ላከልኝ። አዲስ ብሩሽ ነው፣ ከነሙሉ እጀታው። «ይሄኛው ከስልክ ጋርም ይገናኛል» ይላል። ራሱ አንድ ብቻ ነው። የድሮው እጀታዬ ላይ ደግሞ አይገባም።