ለጀርመንኛ ትምህርት ክፍል የሚለገስ ገንዘብ ለማን ይድረስ?

በመስከረም 2023 የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ 28 የዲግሪ ፕሮግራሞች እንዲዘጉና 143 የመምህራን የሥራ መደቦች እንዲሰረዙ ወሰነ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለውሳኔው የቀረበው ምክንያት 45 ሚሊዮን ዶላር የደረሰ የበጀት ጉድለት ነበር። የዓለም ቋንቋዎች ትምህርት ክፍልም በዚያው ፈረሰ፤ ስፓኒሽና ቻይንኛ በጥቂት መምህራን በኮርስ ደረጃ እንዲሰጡ ሲተርፉ ጀርመንኛ ከተሰናባቾቹ ጎራ ተመደበ።

ይህ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ችግር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የዘመናዊ ቋንቋዎች ማኅበር በሚያካሂደው ቆጠራ መሠረት፣ በአሜሪካ ኮሌጆች ጀርመንኛ የሚማሩ ተማሪዎች ቁጥር በ2016 ከ80 ሺህ በላይ የነበረ ሲሆን በ2021 ከ54 ሺህ በታች ወርዷል። አንድ ሦስተኛው በአምስት ዓመት ውስጥ ጠፋ ማለት ነው። ወረርሽኙ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ በእነዚያው ዓመታት ኮሪያኛ የሚማሩት በመጨመራቸው ሁሉንም በኮሮና ማሳበብ አይቻልም። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያሉ የጀርመንኛ ትምህርት ክፍሎች ወደ ቀድሞ ተማሪዎቻቸውና ወደ ወዳጆቻቸው ዞረው የልገሳ ጥሪ ቢያቀርቡ የሚገርም አይደለም። ጥሪውን ሰምቶ መስጠት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ጭቅጭቁ ያለው ገንዘቡ በምን መልክ ይሰጥና ለማን ይድረስ በሚለው ላይ ነው።

አስቀድሞ የሚነሳ አንድ ተቃውሞ አለ። ጀርመን ሀብታም አገር ናት፤ የጎተ ተቋም አላት፤ ከ1925 ጀምሮ ተማሪና መምህር የሚያለዋውጥ ዳአድ የተባለ ድርጅትም አላት፤ ታዲያ የግል ለጋሽ ምን ጥልቅ አደረገው? የሚል ነው። ክርክሩ ውሃ የሚያነሳ አይመስለኝም። ዳአድ በአመዛኙ ከጀርመን መንግሥት በጀት የሚተዳደር፣ በራሱ መስፈርት በራሱ ውድድር የሚመርጥ ተቋም ነው፤ የአንድ አሜሪካዊ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል ነገ ጠዋት የሚገጥመውን ትንሽ ጉድለት እንዲሸፍን አልተቋቋመም፤ የጀርመን ግብር ከፋይም ይህን የማድረግ ዕዳ የለበትም።

ልገሳው በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ማየቱ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ለቋሚ ፈንድ የተሰጠ ገንዘብ ከዩኒቨርሲቲው ሌላ ሀብት ጋር ተቀላቅሎ በኢንቨስትመንት ላይ ይውላል፤ በየዓመቱ ወጪ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ከጠቅላላው አራት ወይም አምስት በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ላሟ አትታረድም፤ የሚጠጣው ወተቷ ነው። ስለዚህ 25 ሺህ ዶላር የሰጠ ሰው በዓመት አንድ ሺህ ዶላር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ገንዘብ ሰጥቷል ማለት ነው። በሕክምና ወይም በምህንድስና ኮሌጅ ይህ ገንዘብ መኖሩም አይታወቅም። በጀርመንኛ ትምህርት ክፍል ግን በክረምት ዕረፍት ወደ ፍራይቡርግ ወይም ወደ ላይፕሲግ ሄዶ ቋንቋውን በአገሩ ለመስማት የሚመኝ፣ ነገር ግን ክረምቱን በምግብ ቤት አስተናጋጅነት ካልሠራ የቤት ኪራይ የማይከፍል ተማሪ የአውሮፕላን ትኬቱን ይገዛበታል። ያ ተማሪ ሲመለስ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ኮርሶች ላይ ይቀመጣል፤ እነዚያ ኮርሶች ደግሞ ተማሪ አነሰባቸው ተብለው በቅድሚያ የሚሰረዙት ናቸው።

ሕንፃ ላይ ስም ማስቀረት የሚወዱ ለጋሾች ከሃርቫርድ ታሪክ የሚማሩት አለ። የጀርመን ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር የነበረው ኩኖ ፍራንከ በዩኒቨርሲቲው የጀርመን ሙዚየም እንዲቋቋም ሲደክም፣ የሴንት ሉዊሱ የቢራ ከበርቴ አዶልፈስ ቡሽ ለአዲስ ሕንፃ ገንዘብ ሰጠ። ግንባታው በ1914 ተጀምሮ በ1917 አለቀ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ጀርመንን ወጋች፤ ሕንፃውም እስከ 1921 ድረስ ሳይከፈት ቆየ። በይፋ የተሰጠው ምክንያት የድንጋይ ከሰል እጥረት የሚል ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ ከሰል የጠፋው ለዚያ ሕንፃ ብቻ ይመስል። ዛሬ የቡሽ ስም በሕንፃው ላይ አለ፤ ከሙዚየሙ ስብስብ አብዛኛው ግን በ1991 ወደ ሌላ ቤት ተዛውሯል፤ በሕንፃው ውስጥም የአውሮፓ ጥናት ማዕከል ይሠራል። ለጋሹን መውቀሴ አይደለም፤ በዚያ ዘመን የነበረውን ጥላቻ የትኛውም ገንዘብ አይመልሰውም ነበር። በ1915 ከአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሩብ የሚጠጉት ጀርመንኛ ይማሩ የነበረ ሲሆን በ1922 ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። የነብራስካ ግዛት ለሕፃናት የውጭ ቋንቋ ማስተማርን በሕግ እስከ መከልከል ደርሳ፣ ሕጉን የሻረው በ1923 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ነው።

በተቃራኒው ማክስ ካደን እንመልከት። ከጀርመን ወደ ኒው ዮርክ የመጣው ይህ ሰው ፐርቱሲን በተባለ የሳል መድኃኒት ከበረ፤ በ1944 በስሙ ፋውንዴሽን አቋቋመ። እርሱም ከሕንፃ አልሸሸም፤ በብዙ ካምፓሶች የማክስ ካደ ቤቶች አሉ። ነገር ግን ፋውንዴሽኑ ከቤቱ ጎን ለጎን ተጋባዥ ፕሮፌሰሮችንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ሲደግፍ ቆይቷል። ስሙ እስካሁን በጀርመንኛ መምህራን ዘንድ በየቀኑ የሚነሳው ከቤቶቹ ይልቅ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ገንዘቡ ሊደርስ ከሚገባቸው ቦታዎች ሁሉ በጣም የተዘነጋው፣ ለማንበብ ብቻ የሚያበቃው የጀርመንኛ ኮርስ ነው። የታሪክ፣ የፍልስፍና፣ የሥነ መለኮትና የሙዚቃ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በጀርመንኛ የተጻፈውን መዝገበ ቃላት ይዘው እንዲያነቡ የሚያደርግ፣ ብዙ ጊዜ በክረምት የሚሰጥ ኮርስ ነው። አስተዳደሩ የሚቆጥረው ጀርመንኛን ዋና የትምህርት መስካቸው ያደረጉትን ስለሆነ፣ እነዚህ ተማሪዎች በትምህርት ክፍሉ መዝገብ ላይ የሉም ማለት ይቻላል፤ ኮርሱ ሲጠፋ ግን ጉዳቱ በሌሎች ክፍሎች ላይ ይደርሳል።

ይህ እኛንም በቀጥታ ይነካናል። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጀርመኗ ጎታ ሄደው ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ከሠሩ ወዲህ የግዕዝ ጥናት በጀርመን ምድር ሥር ሰድዷል። የአውጉስት ዲልማን የግዕዝ ሰዋስው በ1857 የታተመው በጀርመንኛ ነው፤ በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት አክሱም የዘመተው የጥናት ቡድን ውጤትም በ1913 የወጣው በጀርመንኛ ነው። ከፊሉ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ቢመለስም፣ ቋንቋውን የማያነብ የአክሱም ተመራማሪ ዛሬም ሌሎች መርጠው በተረጎሙለት ላይ ይንጠለጠላል። በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ አድጎ የአባቶቹን ታሪክ ማጥናት የሚሻ ልጅ የጀርመንኛ በር ከተዘጋበት የሚጎዳው የራሱ ጥናት ነው።

ልገሳ ለአንድ ትንሽ የቋንቋ ፕሮግራም ምን እንደሚያደርግም ከእኛ የሚሰወር አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት እንዲጀመር አንድ የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር 50 ሺህ የካናዳ ዶላር ሰጡ፤ በ2016 ደግሞ ዘ ዊኬንድ በሚለው ስሙ የሚታወቀው ድምፃዊ አቤል ተስፋዬ ያንኑ ያህል ጨመረ፤ በካናዳ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብም የቻለውን አዋጣ። ያ ገንዘብ ባይኖር ኮርሱ መጀመሩ ያጠራጥራል።

የሚያሳስበኝ ግን የለጋሽ ገንዘብ ሲገባ የዩኒቨርሲቲው በጀት በሌላ በር ሊወጣ መቻሉ ነው። ዲኑ ፈንድ እንዳለ ሲያይ «እነርሱማ አላቸው» ብሎ የጡረተኛውን መምህር መደብ ሳይተካ ቢያልፍ፣ ለጋሹ የደገፈው ጀርመንኛን ሳይሆን የዩኒቨርሲቲውን ቁጠባ ይሆናል። የቋሚ መምህራን ደመወዝ የዩኒቨርሲቲው ግዴታ ሆኖ መቅረት አለበት። ስለዚህ በስጦታ ውሉ ላይ ገንዘቡ ከመደበኛው በጀት በተጨማሪ እንጂ በምትኩ እንደማይውል በግልጽ ይጻፍ። አጠቃቀሙ ደግሞ ጠባብ አይሁን፤ «ባቫሪያ ለሚሄድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ» ተብሎ የተሰጠ ስኮላርሺፕ አመልካች አጥቶ ለዓመታት ሊከማች ይችላል።

ትምህርት ክፍሉ ቢዘጋስ? የሚለው ጥያቄም ከፊርማው በፊት መልስ ይፈልጋል። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በተቀበሉት የ2006 ሞዴል ሕግ፣ ከ25 ሺህ ዶላር በታች የሆነና ከ20 ዓመት በላይ የቆየ ፈንድ ዓላማው ሊፈጸም ካልቻለ፣ ተቋሙ ለግዛቱ ዐቃቤ ሕግ አሳውቆ ፍርድ ቤት ሳይሄድ አጠቃቀሙን ሊያሻሽል ይችላል፤ መጠኑ ከግዛት ግዛት ይለያያል። አዲሱ አጠቃቀም ከለጋሹ ሐሳብ ጋር ይስማማ ቢባልም፣ ሐሳቡን የሚተረጉመው ያው ተቋሙ ነው። እንግዲህ ለጋሹ ራሱ አስቀድሞ ይናገር፤ ክፍሉ ቢታጠፍ ገንዘቡ በየትኛውም ክፍል ሥር ሆኖ ጀርመንኛ ለሚማር ተማሪ፣ ያም ከሌለ ጀርመንኛ ለመማር ወደ ሌላ ተቋም ለሚሄድ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዲውል። በውሉ ላይ ሁለት መስመር ብትጨምር ነው፤ ልገሳ የሚያሰባስበው የዩኒቨርሲቲው የልማት ጽሕፈት ቤትም ስትጠየቅ ብዙ አይከራከርባትም።