ሥልጠናው ይቅደም ወይስ ጽሑፉ ይስተካከል?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ ማየት ለተሳናቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሊቀድም የሚገባው አስገዳጅ የኮምፒውተር ሥልጠና ነው ወይስ የሚሰጣቸው ጽሑፍ መስተካከል?

የሥልጠናው ደጋፊ፦
ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ገጠር የሚመጣ ዓይነ ስውር ተማሪ በብሬልና በጓደኛ ንባብ ብቻ ተምሮ፣ ኮምፒውተር ሳይነካ ደብረ ብርሃን ሊደርስ ይችላል። የመውጫ ፈተናው ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ነው። ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ በነፃ የሚገኝ ሲሆን በፍላሽ ይዞ መሄድም ይቻላል። በማውስ ፈንታ ታብንና የቀስት ቁልፎችን መጠቀም፣ ድረ ገጽ ላይ የኤች ቁልፍን ተጭኖ ከርዕስ ወደ ርዕስ መዝለል በጆሮና በጣት የሚለመድ ስለሆነ፣ እስከ ምረቃ ድረስ አንባቢ ከመለመን የመጀመሪያውን ሴሚስተር ለዚህ መስጠት ይሻላል።

ተቃዋሚዋ፦
ወንድሜ የጠቀሷቸው ቁልፎች በጣቴ ያሉ ናቸው። እኔ ራሴ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ኤንቪዲኤንም የተማርኩት ዶርም ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው። ሆኖም ለፈተና ስዘጋጅ አንዱን ሀንድአውት ብከፍተው ድምፁ ጸጥ አለ፤ ለካ ፒዲኤፉ የገጾች ፎቶ ኖሯል። ሁለተኛው በወርድ የተጻፈ አማርኛ ቢሆንም የተነበበልኝ የእንግሊዝኛ ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ነበር። የድሮዎቹ የግእዝ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ላይ የእኛን ቅርጽ የሚያለብሱ በመሆናቸው፣ ዓይን «ሀ» ብሎ የሚያየውን ስክሪን ሪደሩ በሥሩ ያለውን ባዕድ ምልክት ብሎ ያነበዋል። ፊደላችን ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ ፋይል ዛሬም መታደሉ ያሳዝነኛል። በዚያ ሌሊት ጓደኛዬን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ በሹክሹክታ አስነበብኳት። የጎደለኝ ክሂል አልነበረም።

ደጋፊው፦
በእህቴ ላይ የደረሰው እውነተኛ በደል ነው፤ ስለ ፎንቱም ተረትቻለሁ። ነገር ግን ጉዳቱን ለይተው ለመናገር የቻሉት ስለሠለጠኑ ነው። ያልሠለጠነው ተማሪ ጸጥታውን የራሱ ስንፍና አድርጎ ይቆጥረዋል፤ መምህሩን ምን ብሎ ይጠይቅ?

ተቃዋሚዋ፦
አንድ ተማሪ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አይደለም። ትምህርት ክፍሉ ማንኛውም ሀንድአውት በዩኒኮድ ተጽፎ፣ ፎቶ ሳይሆን ጽሑፍ ሆኖ እንዲሰጥ በአንድ ደብዳቤ ሊያዝ ይችላል። ደብዳቤው በመስከረም ይውጣ፤ ጥቅምት ላይ ለአዲሶቹ ተማሪዎች ሥልጠናውን እኔ በነፃ እሰጣለሁ።