ኮንትራክተሩ ጥሎ ሲሄድ

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ የሞላበት ከተማ ነው። በመሃሉ ፐርፕል ላይን የሚባል የቀላል ባቡር መስመር እየተሠራ ነው፤ ከቤተዝዳ እስከ ኒው ካሮልተን፣ 16 ማይል፣ 21 ጣቢያ። በ2017 ተጀመረ፤ በ2022 ሰው ይጭናል ተባለ (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው)። በ2020 ዋናው ኮንትራክተር ሥራው በመጓተቱና በተጨማሪ ወጪ ከግዛቱ ጋር ተጣልቶ ጥሎ ወጣ።

"አሜሪካ እኮ እንዲህ ያለ ነገር የለም" ለሚሉኝ ሁሉ ይህን እነግራቸዋለሁ። አለ። ሰበቡም ቢሆን ለእኛ አዲስ አይደለም። መሬቱ ለኮንትራክተሩ በጊዜ አልተሰጠም፣ የውሃና የመብራት መስመሩ አልተነሳም። ሀገር ቤት "የወሰን ማስከበር ችግር" የምንለው ነው።

ልዩነቱን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ግዛቱ ንዑስ ተቋራጮቹን ራሱ ተረክቦ መስመር የማዛወሩን ሥራ አስቀጠለ። ክርክሩ በ250 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። በ2022 አዲስ ኮንትራክተር ገባ። መክፈቻው ግን እስከ 2027 ተገፋ። ያናድዳል፤ ገንዘቡም የእኛ የግብር ከፋዮች ነው። ነገር ግን እኔ ተራ ነዋሪው ማን ለምን እንደተጣላ፣ ስንት እንደተከፈለ በአደባባይ ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ እናቴ ሰፈር ልውሰዳችሁ። አምና ስሄድ መንገዱ ለአስፋልት ተብሎ ተቆፍሮ ነበር። ለቱቦ የተቆፈረው ቦይ ግራና ቀኙን ይዞ ይሄዳል። እናቴ ከግቢዋ የምትወጣው በሁለት ሳንቃ ላይ ነው፤ አንድ እጇ በእኔ ትከሻ ላይ፣ ነጠላዋን በሌላው ሰብስባ። አንድ ግሬደር ጎማው ተንፍሶ ቆሟል። ከጎኑ የፕሮጀክቱ ታፔላ አለ። የአሠሪው ስም ይነበባል፣ የኮንትራክተሩም ይነበባል። ሥራው የሚያልቅበት ቀን ያለበት ቦታ ግን ዝጎ ቀለሙ ለቋል። ጎረቤቶቿን ጠየቅኩ። "ጥሎ ጠፋ" አሉኝ። በቃ፣ ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሀገር ቤት ሕግ ስለሌለ አይደለም። ኮንትራክተሩ የመልካም ሥራ አፈፃፀም ዋስትና፣ ማለትም ሥራውን ጥሎ ቢሄድ ለአሠሪው የሚከፈል ገንዘብ፣ ያስይዛል፤ ቢያንስ የውሉ 10 በመቶ። ለሚወስደው ቅድሚያ ክፍያም ዋስትና ያቀርባል። ለዘገየበት ቀን ቅጣት ይቆረጥበታል። ችግሩ ዋስትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ሥራው ሲራዘም አብሮ ካልታደሰ ባዶ ወረቀት ነው። ስለዚህ አሠሪው መሥሪያ ቤት ማድረግ ያለበት ትልቁ ነገር፣ በእኔ እምነት፣ በጣም ትንሽ ነገር ነው። ገና ሠራተኛው ከሳይት መቀነስ ሲጀምር ደብዳቤ መጻፍ። እዚህ አሜሪካ የፌደራል መንግሥቱ ውል ከማቋረጡ በፊት ብዙ ጊዜ "በ10 ቀን ውስጥ አስተካክል" የሚል ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል። ያ ደብዳቤ ነገ ፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል። እኛ ጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ሽምግልና ነው፣ "ትንሽ እንታገሰው" ነው። እስከዚያ ቅድሚያ ክፍያው ተበልቶ ያልቃል።

የሕዳሴው ግድብም እንዲሁ ነበር። በ2011 ሲጀመር በአምስት ዓመት ያልቃል ተባለ። የመከላከያው ድርጅት ሜቴክ የያዘውን የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ (የተርባይንና የጄኔሬተሩን) አለመወጣቱ በአደባባይ ተነግሮን ውሉን የተነጠቀው በ2018 ነው። ከዚያ ሌሎች ገቡበት፣ በ2025 ተመረቀ። ያለ ጉድለት ይሠራ ነበር አልልም። ግን ያ ንግግር ሦስትና አራት ዓመት ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ እያልኩ ይቆጨኛል። ከደመወዛችን ቆርጠን ቦንድ የገዛን ሰዎች ነን።

ባለፈው እሁድ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። እዚያው ከተማ ነው የሚኖረው።

"እስቲ የዚያ መንገድ ዋስትና መቼ እንደሚያበቃ ጠይቅልኝ" አልኩት።

"ማንን ልጠይቅ ጋሼ?" አለኝ።

ታፔላው ላይ ስልክ ቁጥር እንዳለ አይቶ እንዲነግረኝ ለምኜዋለሁ።